የጸባይ ዋንጫ ለማን ይሰጥ? ለአዲስ የኮሚቴ አባል የቀረበ ምክር

እንኳን ደስ ያለዎት። ስምዎ በሌሉበት ስብሰባ ተጠቁሞ፣ በሌሉበት ተደግፎ፣ በሌሉበት በሙሉ ድምፅ ጸድቆ የትምህርት ቤቱ የክፍል ለክፍል ውድድር የጸባይ ዋንጫ ኮሚቴ አባል ሆነዋል። ኮከብ ተጫዋች የሚመርጠው ኮሚቴ ውስጥ ለመግባት መምህራን ይሻማሉ። ኮከብ ግብ አግቢውማ ኮሚቴም አያሻው፤ ጎል ቆጥሮ መስጠት ነው። የጸባዩ ግን ከስብሰባ የቀረ ሰው ይፈልጋል፤ እሱም እርስዎ ነዎት። አይደንግጡ፣ ሥራው ቀላል ነው። የሚከብደው ጨዋታውን ቁጭ ብሎ ለሚያይ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክርዎ ጨዋታውን እንዳያዩ ነው።

ይህን ስል ከሜዳው ይጥፉ ማለቴ አይደለም። ይምጡ፤ ለክብር እንግዳው ከተተከለው ድንኳን ሥር፣ የታሸገ ውሃ ከሚታደልበት አጠገብ ወንበር ይያዙ። ከዚያ ሆኖ ሜዳው በከፊል ይታያል። በከፊል ማየት ለውሳኔ ይመቻል። ሙሉውን ያየ ሰው ሁልጊዜ «ግን እኮ» ይላል፤ «ግን እኮ» የሚል አባል ያለበት ኮሚቴ ደግሞ ከምሳ በፊት ስብሰባውን ጨርሶ አያውቅም።

አሁን ወደ መርሁ እንግባ። የጸባይ ዋንጫ የሚሰጠው ለተሸነፈ ክፍል ነው። ይህ በየትኛውም ደንብ አልተጻፈም፤ ልማድ ነው፣ ልማድን ደግሞ ኮሚቴ አይሽርም። አንደኛ የወጣው ትልቁን ዋንጫ ወስዷል፣ ሁለተኛው ሜዳሊያ አጥልቋል። ባዶ እጁን የቀረ ክፍል ካለ፣ በተለይ የክፍሉ ሆም ሩም መምህር ወዳጅዎ ከሆነ፣ ማስተዛዘኛ ያስፈልገዋል። ከተሸናፊዎቹም መካከል በመጀመሪያው ዙር 6 ለ 0 ተሸኝቶ የወጣውን ያስቀድሙ። አንድ ጨዋታ ብቻ የተጫወተ ክፍል ለመጣላት ጊዜ አላገኘም። ፋውል ለመሥራትም ቢሆን እኮ አስቀድሞ ባለኳሱ ላይ መድረስ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንዱ ተነስቶ «ያሸነፈ ሰውስ ጨዋ መሆን አይችልም?» ብሎ ይከራከርዎ ይሆናል። ደራርቱ ቱሉን መጥቀሱ አይቀርም። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር አንደኛ ሆና ከገባች በኋላ ቆማ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ጠበቀቻት፤ ከዚያ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ዞሩ። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ተገልላ ከቆየች በኋላ የተመለሰችበት የመጀመሪያው ኦሊምፒክ ነበር። ኤላና ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት፣ ደራርቱ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት። «ከዚህ በላይ ጨዋነት ከየት ይመጣል?» ይልዎታል ሰውዬው። ጥያቄው መልስ የለውም፤ ስለዚህ መልስ አይስጡት። «ያ አትሌቲክስ ነው፣ እኛ የምንነጋገረው ስለ እግር ኳስ ነው» ብለው ወደሚቀጥለው አጀንዳ ይለፉ።

ሁለት ሦስት ተሸናፊዎች እኩል ከተገኙ ካርድ ይቁጠሩ። የካርድ ቆጠራ ትልቁ ጥቅም ማሰብን ማስቀረቱ ነው። ቢጫና ቀይ ካርድን ያፈለቀው እንግሊዛዊው ዳኛ ኬን አስተን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1966ቱ የዓለም ዋንጫ በኋላ መኪና እየነዳ የትራፊክ መብራት አይቶ ሐሳቡ መጣለት፤ ካርዶቹም በ1970 በሜክሲኮ ሥራ ላይ ዋሉ። የእሱ ጭንቀት ዳኛና ተጫዋች ቋንቋ ለቋንቋ ባይግባቡም ማን እንደተቀጣ ለሁሉም ግልጽ እንዲሆን ነበር። ካርድ ላልታየበት ልጅ «ጨዋ» የሚል ማዕረግ የጨመርንለት እኛ ነን። ስፖርት ቲቸሩ ቀይ ካርዱን ቤት ረስቶ በመጣበት ቀን ደግሞ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ጨዋ ሆኖ ይውላል።

ይህን አሠራር የሚያጣጥል ካለ እ.ኤ.አ. የ2018ቱን የሩሲያ ዓለም ዋንጫ ያስታውሱት። ጃፓንና ሴኔጋል በነጥብ እኩል፣ በጎል ልዩነት እኩል፣ ባገቡት ጎል እኩል፣ እርስ በርስ ሲጫወቱም 2 ለ 2 ወጥተዋል። የቀረው ካርድ ብቻ ነበር። ጃፓን 4 ቢጫ፣ ሴኔጋል 6። ጃፓን አለፈች። ይህ የሆነው እንዴት ነው? በመጨረሻው የምድብ ጨዋታ ጃፓን በፖላንድ 1 ለ 0 እየተመራች ነበር። በሌላኛው ሜዳ ሴኔጋል በኮሎምቢያ መመራቷ ሲሰማ ጃፓኖች ማጥቃቱን ትተው ኳሷን እዚያው በራሳቸው ሜዳ ወዲያና ወዲህ መቀባበል ያዙ። ጎል ለማግባት የሚሞክር የለም፤ ቢጫ እንዳይመጣ ሰው የሚነካ የለም። ተመልካቹ ፉጨቱን አቀለጠው። በፌር ፕሌይ ሕግ ወደ ቀጣዩ ዙር ያለፈው ይህ በፉጨት የተሸኘ ቡድን ነው። (እነዚሁ ጃፓኖች በቀጣዩ ዙር በቤልጅየም 3 ለ 2 ተሸንፈው ሲወጡ መልበሻ ክፍላቸውን ጠርገው፣ በሩሲያኛ «እናመሰግናለን» የሚል ጽሑፍ ትተው ሄደዋል። ለዚያኛው ግን ነጥብ አልተያዘላቸውም፤ መልበሻ ክፍል ውስጥ ዳኛ የለማ።) እንግዲህ ፊፋ በዚህ ከረካ፣ እየመራ ሳለ «ጡንቻ ያዘኝ» ብሎ ሁለቴ የተኛው በረኛ ያለበት 9ኛ «ቢ» የጸባይ ዋንጫ ቢወስድ ማን ይናገርዎታል?

ጡንቻን ካነሳን አይቀር፣ አንድ የሚያታልል ነገር ልጠቁምዎ። ተጫዋች ሲወድቅ ተጋጣሚው መጥቶ እግሩን ቀጥ አድርጎ ይዞ ያፍታታለታል፤ እናቶች ይህን ሲያዩ «ውይ የኔ ልጅ» ይላሉ። ከማጨብጨብዎ በፊት ውጤቱን ይጠይቁ። አፍታቹ የሚመራው ክፍል ልጅ ከሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚያፍታታው። ክፍሉ እየተመራ ከሆነ ግን እግሩን ሊነቅለው ይደርሳል፣ በሽተኛው ቶሎ እንዲነሳለት። ሁለቱም ከድንኳኑ ሆኖ ለሚያይ አንድ ናቸው። እርስዎም ለሁለቱም እኩል ያጨብጭቡ።

ስለ ወላጆች ብዙ አልልም። «ስበረው! ምን ታየዋለህ!» እያለ ከመስመሩ ዳር የሚጮኸው አባት የወላጅ መምህር ኅብረት አባል ሊሆን ይችላል። የሜዳሊያውን ወጪ የሸፈነውም እሱ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ማይክሮፎን ጨብጦ ስለ ስፖርታዊ ጨዋነት የሚናገረውም እሱ ይሆናል፤ ጥሩ አድርጎም ይናገራል፣ ድምፁ ሲጮህ ውሎ ስለሞቀ። ከዓመት ዓመት የሚነሳ ሌላ ጉዳይም አለ፤ ፂሙን ተላጭቶ የመጣው የ11ኛ «ዲ» አጥቂ ከየት ነው የመጣው የሚለው። ልጆቹ ሁሉ ያውቁታል፣ ሰፈር ውስጥ ጋራዥ ይሠራል። እርስዎ ግን የሚያውቁት ስም ዝርዝሩን ነው፤ ስም ዝርዝሩ ላይ ደግሞ ስም አለ። ይህ የጸባይ ሳይሆን የመዝገብ ጉዳይ ስለሆነ ወደ መዝገብ ቤት ይምሩት።

በዚህ ሁሉ መካከል ሥራዎን የሚያበላሽ አንድ ዓይነት ልጅ አለ፤ እሱን አስቀድመው ይወቁት። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አይቼዋለሁ። የ10ኛ «ሲ» ተከላካይ ነው። ቀጭን፤ የታላቅ ወንድሙን ታኬታ አጥልቆ፣ ከፊቱ እንዳይሰፋው ጨርቅ ጎስጉሶበታል። ክፍሉ 10ኛ «ኤ»ን 1 ለ 0 እየመራ ጨዋታው ወደ ማለቂያው ደርሷል። ኳስ ከጎሉ ጎን ወጣች። ዳኛው፣ ያው ስፖርት ቲቸሩ፣ ፀሐይ ፊት ለፊቱ ስለነበረች አላየም፤ እጁን ዘርግቶ የግብ ምት ብሏል። የመስመር ዳኛው ከ12ኛ ክፍል የተዋሱት ልጅ ነው፤ ባንዲራውን ብብቱ ሥር ወትፎ ቆሎ እየገዛ ነበር። የተቃወመ የለም። 10ኛ «ኤ»ዎች ራሳቸው ወደ ኋላ መመለስ ጀምረዋል። ያኔ ይኼ ልጅ እጁን አወጣ፣ ክፍል ውስጥ መልስ እንደሚመልስ ተማሪ።

«ቲቸር፣ እኔን ነክቶ ነው የወጣው። ኮርና ነው።»

ዳኛው ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። «እርግጠኛ ነህ?»

«አዎ ቲቸር።»

ኮርና ተሰጠ። ከኮርናው ጎል ገባ፤ በጭንቅላት፣ ያውም ከዚሁ ልጅ በላይ ተዘሎ። አምበሉ መጥቶ ደረቱን ገፋው። በረኛው ጎሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቀረ። ክፍሉን የሚያሠለጥነው ሆም ሩም መምህር ወዲያው ተቀያሪ ጠራ። መምህሩ ሥነ ዜጋ ነው የሚያስተምረው፤ «ፍትሕ» የሚለውን ምዕራፍ ለእነዚሁ ልጆች ያስተማረው፣ ፈተናውንም ያወጣው እሱ ነው። ልጁ ወጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ታኬታውን ፈታ፣ ጨርቁን ከውስጥ ጎትቶ አወጣ፣ አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ከጎኑ የተቀመጠ ልጅ አልነበረም።

ኮሚቴው ስለዚህ ልጅ አልተወያየም። ትክክል አድርጓል። ይህ ልጅ ቢሸለም በሚቀጥለው ዓመት ሌሎችም ኳስ በነካቸው ቁጥር «ነካኝ» ሊሉ ነው፤ ዳኛውስ ምን ሥራ ሊኖረው ነው? ደግሞም ዋንጫው ለክፍል እንጂ ለግለሰብ አይሰጥም፤ ክፍሉ ማለት እንግዲህ ልጁን ደረቱን የገፋው ነው። ለዚያ ክፍል ቢሰጥ ግፊያውን መሸለም፣ ባይሰጥ ልጁን መርሳት ይሆናል። እንዲህ ያለ አጣብቂኝ ውስጥ ላለመግባት ነው ከመነሻው ውሃው አጠገብ ይቀመጡ ያልኩዎ።

በሆም ሩም መምህሩም አይፍረዱበት፤ ታላላቅ አሠልጣኞች አብረውት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ በስፔን ናቫራ ግዛት፣ ቡርላዳ በምትባል ከተማ በተደረገ የአገር አቋራጭ ውድድር፣ በዚያው ዓመት በለንደን ኦሊምፒክ በ3,000 ሜትር መሰናክል ነሐስ ያገኘው ኬንያዊው አቤል ሙታይ እየመራ መጥቶ፣ የጨረሰ መስሎት ከመስመሩ በፊት ሩጫውን አቆመ። ከኋላው ስፔናዊው ኢቫን ፈርናንዴዝ አናያ ደረሰበት። ዝም ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። አላለፈም፤ በምልክት እያሳየ ከኋላ ከኋላው ሆኖ ወደ መስመሩ መራው፣ ራሱ ሁለተኛ ገባ። ዓለም አጨበጨበ። አሠልጣኙ ማርቲን ፊዝ ግን፣ በ1995 የማራቶን የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው፣ እሱ በቦታው ቢሆን ኖሮ እንደዚያ እንደማያደርግ ለጋዜጣ ሳይደብቅ ተናግሯል። እኔ በበኩሌ ይህ አሠልጣኝ የሚያስመሰግነው ነገር አለው እላለሁ፤ ቢያንስ የጸባይ ኮሚቴ ውስጥ አልገባም።

ያ የ10ኛ ክፍሎች ጨዋታ 1 ለ 1 አልቆ ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሄደ፤ እዚያም ሌላ ማደናገሪያ ተፈጠረ። በሜዳው ላይ ያለው የበረኛ ጓንት አንድ ጥንድ ብቻ ነበር፤ የ10ኛ «ኤ» በረኛ ከቤቱ ያመጣው። እሱ አንድ ምት ጠብቆ ሲወጣ ጓንቱን አውልቆ ለ10ኛ «ሲ»ው ይሰጠዋል። ያኛው አጥልቆ ይገባል፣ ሲወጣ አውልቆ ይመልሳል። ላብ የጠጣ ጓንት በቀላሉ አይወልቅም፤ ስለዚህ አንዱ የሌላውን የጣት ጫፍ እየያዘ ይስብለታል። እያንዳንዱ ምት ላይ እንዲህ። በመካከሉ የ10ኛ «ሲ»ው በረኛ በዚያው በተዋሰው ጓንት አንድ ምት አዳነ። ባለ ጓንቱ ጭንቅላቱን ይዞ ተንበረከከ፤ የገዛ ጓንቱ ነው እኮ ክፍሉን ሊያስወጣ ያለው። ተነሳ፣ እጁን ዘረጋ፣ ያኛው እንደተለመደው ጣት ጣቱን እየሳበ አወለቀለት፣ እሱም አጥልቆ ገባ። «እኔ ብቻ ልልበሰው» የሚል ነገር አልተነሳም። በመጨረሻ 10ኛ «ኤ» አለፈ። ድንኳኑ ሥር የነበሩት በዚያ ሰዓት ሚኒ ሚዲያዎች ማይክሮፎኑ ለምን እንደሚጮህ ሲያስረዱ እያዳመጡ ነበር።

ለኮሚቴ አባል እንዲህ ያለው ነገር የመሣሪያ እጥረት ይባላል፤ በሪፖርቱ ላይ «ያጋጠሙ ችግሮች» በሚለው ርዕስ ሥር ይገባል። በሌላው ዓለም የሚሸልሙበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 በኢንስብሩክ የክረምት ኦሊምፒክ፣ በበረዶ ሠረገላ ውድድር፣ ጣሊያናዊው ኤውጄንዮ ሞንቲ የተፎካካሪዎቹ የእንግሊዞች ሠረገላ ብሎን እንደተሰበረ ሲያውቅ ከራሱ ሠረገላ ላይ ብሎን ሰጣቸው። እንግሊዞቹ ወርቁን ወሰዱ፤ እሱ ሦስተኛ ወጣ። በፒየር ደ ኩበርቲን ስም የተሰየመው የፌር ፕሌይ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው ለእሱ ነው። ግን ይህን ለመሸለም ብሎኑን ያየ ሰው ያስፈልጋል፤ የእርስዎ ወንበር የት እንዳለ ደግሞ ተነጋግረናል።

የሴቶቹ ውድድር አያስቸግርዎትም። ሲጀመር የክብር እንግዳው ሄዷል፤ ኮሚቴውም ወስኖ ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል። መረብ ኳስ ላይ ዳኛው ሳያይ «መረብ ነክቻለሁ» ብላ ኳሷን ወደ ማዶ የምታንከባልል ልጅ ብትኖር እንኳ ውጤት አይለውጥም። የትምህርት ቤት ሩጫ ላይ ግን ይጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ኦሃዮ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የግዛት ሻምፒዮና፣ በ3,200 ሜትር ውድድር መጨረሻ ላይ የነበረች ልጅ ከፊቷ የወደቀችውን ተፎካካሪዋን አንስታ፣ ደግፋ ወደ መስመሩ አደረሰቻት፤ ያውም ከራሷ አስቀድማ አስገብታት እሷ የመጨረሻዋ ሆነች። በደንቡ መሠረት ሯጭን መደገፍ ያሰርዛል። ዳኞቹ አይተው እንዳላዩ አለፉት። አዩ? አንዲት ልጅ ጨዋ ስትሆን ዳኞቹን ሁሉ ደንብ አስጣሰች። ይህ እኛ ጋር ቢደርስ ስንት ደብዳቤ ይጻፍ ነበር!

ዋንጫው ሲሰጥ ያለው ሥነ ሥርዓት በራሱ ይሄዳል። እንግዳው ስፖርት ለጤንነትና ለወዳጅነት እንደሆነ ይናገራል፣ ተሸላሚው ክፍል ይጨፍራል፣ ፎቶ ይነሳል። እርስዎ በፎቶው ላይ ከጎን ቢቆሙ ይበቃል።

አልፎ አልፎ ግን አንድ አደጋ ይደርሳል። በማግስቱ የተሸላሚው ክፍል አምበል ዋንጫውን በፌስታል ይዞ ቢሮዎ በር ላይ ሊቆም ይችላል። «ቲቸር፣ ይኼ ለእኛ አይገባም። እኛ እኮ የተሸነፍን ዕለት ዳኛውን እስከ በሩ ድረስ ስንሰድበው ነበር፤ እናንተ ስለሄዳችሁ ነው ያልሰማችሁት። ኮርና ነው ላለው ልጅ ስጡት» ይላል። አይደናገጡ፣ መልሱ የተዘጋጀ ነው። ዋንጫው በሞዴል 22 ወጪ ተደርጓል። ተመላሽ ለማድረግ ሞዴል 19 መቆረጥ አለበት። ሞዴል 19 የሚቆርጠው ንብረት ክፍል ደግሞ የበጀት ዓመት መዝጊያ ቆጠራ ላይ ስለሆነ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ዝግ ነው። ይህን ሁሉ ሰምቶ አሁንም ከበሩ ካልተነሳ፣ ሪፖርት ካርዱ ላይ ጸባይ የሚለው ቦታ ገና እንዳልተሞላ በጨዋ ቋንቋ ያስታውሱት።